የሂሮሺማ ጠባሳ፦ ጨረር ያበቀለው ወይስ ጨረር የሚያከስመው?

ሐምሌ 30 በደረሰ ቁጥር የሂሮሺማ ስም ይነሣል። ቦምቡ የተጣለበት የ1937 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት፣ «ኢኖላ ጌይ» የተባለችው አውሮፕላን፣ ከሦስት ቀን በኋላ የናጋሳኪ ተራ፣ ከዚያም የጃፓን እጅ መስጠት፤ ይህን አንባቢ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስለሚያውቀው እዚህ አልደግመውም። እኔን የሳበኝ ከዚያ በኋላ በነበረው ክረምትና በጋ በተረፉት ሰዎች ፊት፣ አንገትና ክንድ ላይ የበቀለው ነገር ነው። ቁስሉ ደርቆ ፋሻው ከተፈታ በኋላ ጠባሳው ማበጥ ጀመረ። ቀላ፣ ጠጠረ፣ ያሳክክና ይጠዘጥዝ ገባ። አንዳንዱን ሰው አገጩን ወደ ደረቱ ጎተተው፤ አንዳንዱን ጣቶቹን እርስ በርስ አጣበቀው። ሐኪሞቹ ኬሎይድ ነው አሉ። የከተማው ሰው ደግሞ ጨረሩ ያመጣው ነው አለ። የትኛው ልክ እንደሆነ ያከራከረው ነገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ በሽታው አስቀድሞ የሚታወቀውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ኬሎይድን በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ የሰጡት ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ አሊቤር ናቸው። በፓሪሱ ሴን ሉዊ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ነበሩ፤ ኋላም የነገሥታቱ የሉዊ 18ኛና የሻርል 10ኛ ሐኪም ሆነው ባሮን ተብለዋል። ትምህርታቸውን የሚሰጡት በሆስፒታሉ ግቢ ከዛፍ ሥር ሲሆን፣ በሽተኞቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ ይታዩ ነበር። በ1806 ያበጠውን ጠባሳ ሲገልጹ ከካንሰር ጋር የሚያዛምድ ስም ሰጡት። ብዙ ዓመት ካዩት በኋላ ግን ሰው እንደማይገድል፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም እንደማይሰራጭ ስለተረዱ ስሙን ለውጠው ዛሬ የምንጠራበትን አወጡለት። በ1854 እንግሊዛዊው ቶማስ አዲሰን ሌላ የቆዳ ሕመምን «እውነተኛው ኬሎይድ» ብለው ጻፉና ነገሩን ለተወሰነ ጊዜ አምታቱት።

ቁስል ሲድን ሰውነት ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን እያመረተ ክፍተቱን ይሞላል፤ ሲበቃው ያቆማል፤ የተረፈውንም በወራት ውስጥ ያሟሟዋል። የአንዳንድ ሰው ቆዳ ግን ቤቱ ካለቀ በኋላም ድንጋይ መደርደሩን እንደማይተው ግንበኛ ነው። ዛሬ ሐኪሞች ይህን ከልክ ያለፈ ጠባሳ በሁለት ይከፍሉታል። ሃይፐርትሮፊክ የሚባለው ያብጣል እንጂ ከመጀመሪያው ቁስል ድንበር አይወጣም፤ ባብዛኛውም ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ ይረግባል። ኬሎይድ ግን ድንበሩን አልፎ ጤነኛውን ቆዳ ይወርራል፤ በራሱም አይጠፋም። ይህ ልዩነት በደንብ የተለየው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። በ1946 ሂሮሺማ ውስጥ ለነበሩት ሐኪሞች ሁለቱም ኬሎይድ ነበሩ። የክርክሩ ግማሽ የተወለደው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዶክተር ቴሩፉሚ ሳሳኪ በዚያ ሰኞ ጠዋት የ25 ዓመት ወጣት ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ጆን ኸርሲ ለኒውዮርከር መጽሔት በነሐሴ 1946 መጨረሻ በጻፈው ዝነኛ ዘገባ ታሪካቸው ከተነገረላቸው ስድስት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። በቀይ መስቀል ሆስፒታል ውስጥ ምንም ጉዳት ሳይደርስባቸው የቀሩት ሐኪም እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ መነጽራቸው ስለተሰበረ ከአንዲት የቆሰለች ነርስ ዓይን ላይ አውልቀው አደረጉ። 600 አልጋ ወዳለው ሆስፒታል ወደ 10,000 ቁስለኛ ጎረፈ። ሐኪሙ ለሦስት ቀን ያህል፣ የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ብቻ አግኝተው ሠሩ። ሠሩ የተባለውም መድኃኒት መቀባትና ፋሻ ማሰር ነው። የተቃጠለን ቆዳ ቆርጦ በጊዜው በሌላ ቆዳ መሸፈን፣ መገጣጠሚያው ተጣጥፎ እንዳይደርቅ ዘርግቶ ማሰር፣ በሽተኛውን በፕሮቲን የበለጸገ ምግብ መመገብ፣ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ቁስሉ መግል እየቋጠረ፣ ዝንብ እየወረረው፣ በራሱ ጊዜ ከዳር ወደ መሃል እየተኮማተረ ዳነ።

እነዚያው ሐኪም እስከ 1951 ድረስ በዚያው ሆስፒታል ቆዩ። ከዋና ዋና ሥራቸው አንዱም ያበጡትን ጠባሳዎች ቆርጦ ማውጣት ሆነ። ኸርሲ በ1985 ወደ ስድስቱ ሰዎች ተመልሶ ሲጽፍ ያ ዘመን ለዶክተር ሳሳኪ የምሬት ትዝታ እንደሆነ ነግሮናል። የተቆረጠው ጠባሳ ተመልሶ ይበቅል ነበር፤ አንዳንዱም ከበፊቱ ብሶ። ሳሳኪና ባልደረቦቻቸው ውሎ አድሮ ብዙዎቹን ባይነኳቸው ይሻል እንደነበር ተረዱ። ዛሬ የሕክምና ጽሑፎች ኬሎይድን ቆርጦ ማውጣት ብቻውን ሲደረግ ከ45 እስከ 100 በመቶ ድረስ ተመልሶ እንደሚመጣ ይጠቅሳሉ። በዚያ ጊዜ ግን ሐኪሞቹ ይህን የተማሩት በሰው ገላ ላይ ነው። በሽተኛው ደግሞ ጠባሳው ተመልሶ ሲያብጥ አንድ ነገር ደመደመ፦ መርዙ ውስጤ አለ።

ማነው የዚህን በሽተኛ ድምዳሜ ሊያርም የሚችለው? ከሁሉ የተሻሉት ሰው ማሳኦ ቱዙኪ ነበሩ። ፕሮፌሰር ቱዙኪ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና መምህር፣ በማዕረግም የባሕር ኃይል ሐኪም አድሚራል ናቸው። የሚደንቀው ግን ሌላ ነው፤ በ1920ዎቹ አሜሪካ ሳሉ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጥንቸሎችን በኤክስሬይ እየመቱ ጨረር በሕያው አካል ላይ የሚያደርሰውን አጥንተው፣ ውጤቱን በ1926 ለአሜሪካ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር አቅርበዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ አሜሪካውያን መርማሪዎች ሲመጡ ያንን የጥንቸል ጥናት አውጥተው እንዳሳዩዋቸው፣ የሰውን ሙከራ ደግሞ እናንተ ጨረሳችሁት የሚል መራራ ቀልድም እንደጣሉ ይተረካል።

ቱዙኪ አፋቸውን የሚያስይዟቸው ሰው አልነበሩም። በ1945 መጨረሻ ድል አድራጊው ጦር ስለ ቦምቡ የሚጻፍ የሕክምና ጥናት ያለ ፈቃድ እንዳይታተም ባገደ ጊዜ፣ ስብሰባ ላይ ተነሥተው እኛ ስንነጋገር ሰው እየሞተ ነው ብለው ተቃወሙ። በ1946 የቀድሞ የጦር መኮንን በመሆናቸው ከማስተማር ሥራቸው ተነሡ። እንዲህም ሆኖ ዝም አላሉም፤ ከአሜሪካዊው ሐኪም ከሜልቪን ብሎክ ጋር ሆነው ስለ ተረፉት ሰዎች የቃጠሎ ጠባሳ ያዘጋጁት ጥናት በ1948 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። በ1954 በቢኪኒው የሃይድሮጅን ቦምብ አመድ የተመቱትን 23 የጃፓን ዓሣ አጥማጆች የመረመረውንም ቡድን የመሩት እሳቸው ናቸው። ጨረርን ለመወንጀል ከማንም የበለጠ እውቀትም ምክንያትም ነበራቸው ለማለት ነው።

እንግዲህ ሦስት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው ጠባሳውን የጨረር ሥራ ያደርገዋል። ይህ በተረፉት ሰዎችና በጋዜጦች ዘንድ የሰፋው እምነት ነው፤ ክፉ ውጤትም ነበረው። ኬሎይድ ያለባት ልጅ ታጋባብናለች፣ የሚወለደው ይበላሻል ተብላ ባል አጣች፤ አሠሪም ሸሻት። ሁለተኛው ወገን የአሜሪካ ባለሥልጣናት ነው። ስለ ኒውክሌር መሣሪያ ባሳተሙት መጽሐፍ የቁስል ማመርቀዝንና የምግብ እጦትን ካነሡ በኋላ፣ ከሁሉ ይልቅ ሚዛን የሰጡት ለጃፓናውያን የዘር ዝንባሌ ነው። በመጋቢት 1945 ቶኪዮ በተቀጣጣይ ቦምብ ስትነድ የተቃጠሉትም ሰዎች ትልልቅ ኬሎይድ እንዳወጡ በማስረጃነት አቀረቡ። ሦስተኛው ወገን ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ቁስሉ እንዴት እንደዳነ ጠይቁ ይላል።

የዘር ነገር ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ኬሎይድ በአፍሪካና በእስያ ተወላጆች ላይ ከነጮች ይልቅ እንደሚበዛ የታወቀ ነው፤ በቤተሰብም ይወርዳል። ነገር ግን ከተማ ካቃጠሉ በኋላ ጥፋቱን በተቃጠለው ሰው ቆዳ ላይ መላከክ እጅግ የሚመች ማብራሪያ ነው፤ የሚመች ማብራሪያ ደግሞ ሁለቴ መመርመር አለበት። የቶኪዮው ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ ለእኔ የሚያሳየው ግን የዘርን ጉዳይ አይደለም። ቶኪዮ ውስጥ ጨረር አልነበረም። የነበረው ጥልቅ ቃጠሎ፣ የተጨናነቀ ሆስፒታልና የተራበ ሕዝብ ነው። ሂሮሺማም ላይ እነዚሁ ሦስቱ ነበሩ።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳምነኝ የልኬቱ ነገር ነው። የቦምቡ ብልጭታ በቀጥታ መስመር ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚያቃጥለው ወደ እሱ የዞረውን ገጽ ነው፤ ከጥቁር ልብስ ሥር ያለው ቆዳ ከነጩ የበለጠ ስለተቃጠለ የኪሞኖ ጥለት ጀርባቸው ላይ የታተመባቸው ሴቶች ነበሩ። ጠባሳውም የበቀለው ብልጭታው ባረፈበት በኩል ነው። ከፍንዳታው መሃል 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በገላጣ ቦታ የቆመ ሰው በሙቀቱ ክፉኛ ይቃጠላል። የሚደርሰው ጨረር ግን፣ ዛሬ በተሻሻለው ስሌት፣ ግሬይ በሚባለው የጨረር መለኪያ 0.08 ገደማ ነው። ይህ ስንት እንደሆነ ለመረዳት ከሕክምናው ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ ኬሎይድ ከተቆረጠ በኋላ ተመልሶ እንዳይበቅል ሐኪሞች ሆን ብለው ቦታው ላይ የሚያሳርፉት ጨረር ከ15 እስከ 20 ግሬይ ይደርሳል። ሁለት መቶ እጥፍ ማለት ነው፤ እሱም ጠባሳን ያከስማል እንጂ አያበቅልም።

ጨረር ለኬሎይድ መድኃኒት መሆኑ ደግሞ ከቦምቡ 40 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ሮንትገን ኤክስሬይን ባገኙ በ11ኛው ዓመት፣ በ1906፣ ደ ቦርማንና ጉዥሮ የተባሉ ፈረንሳውያን የቆዳ ሐኪሞች ኬሎይድን በኤክስሬይ ማከማቸውን ጽፈዋል። ብዙም ሳይቆይ ራዲየምም ተሞከረ። ቱዙኪን የመሰለ የኤክስሬይ ሰው ይህን ያውቁ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ሂሮሺማ ውስጥ ግን በ1946 ለአንድ በሽተኛ የሚያድንህ ጨረር ነው ብሎ የሚደፍር ሐኪም ቢኖር ኖሮ በሽተኛው ምን ይለው ነበር?

በእርግጥ ጨረሩ ነፃ አይወጣም። ለመሃሉ የቀረቡት ሰዎች ደማቸው ተዳክሞ፣ ቁስላቸው መዳን አቅቶት ከርሟል፤ የዘገየ ቁስል ደግሞ ለትልቅ ጠባሳ ይዳርጋል። በጎን በር ገብቷል ማለት ይቻላል። በኋላ የተደረገው ክትትል እንዳሳየው ግን ጠባሳዎቹ በ1946 እና በ1947 ከፍ ብለው በዓመታት ውስጥ ብዙዎቹ እየረገቡ ሄደዋል። በዛሬው አከፋፈል ብዙዎቹ ሃይፐርትሮፊክ ነበሩ ማለት ነው። ዶክተር ሳሳኪ ባይቆረጡ ይሻል ነበር ያሏቸው ከእነዚህ መካከል ስንቱ ጊዜ ቢሰጠው በራሱ ይሟሽሽ ነበር!

የአሜሪካው የአቶሚክ ቦምብ ጉዳተኞች ኮሚሽን በፕሬዚዳንት ትሩማን ትእዛዝ ተቋቁሞ ሂጂያማ ኮረብታ ላይ ሕንፃውን ሠራ፤ ሰዎቹን እያስጠራ መረመረ፣ ፎቶ አነሣ፣ ደም ቀዳ፤ ግን አላከመም። መመርመር እንጂ ማከም ሥራው አልነበረም። የጠባሳውን ሕክምና ጉዳይ ያነሡት ሌሎች ናቸው። የናጋሬካዋ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ኪዮሺ ታኒሞቶ፣ እሳቸውም ከኸርሲ ስድስት ሰዎች አንዱ፣ ፊታቸውን ሸፍነው ቤት የዋሉ ወጣት ሴቶችን ሰበሰቡ። የተወሰኑት ቶኪዮና ኦሳካ ሄደው ታከሙ። በ1953 ሂሮሺማን የጎበኘው የሳተርዴይ ሪቪው አዘጋጅ ኖርማን ከዝንስ 25ቱን ወደ ኒውዮርክ ለመውሰድ ተነሣ። ዋሽንግተን ፈራች፤ የአሜሪካ ሐኪም ጠባሳውን ካከመ መንግሥት ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል ብለው የሰጉ ነበሩ። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል ጉዞው ይቅር የሚል ቴሌግራም ደርሶ፣ የሩቅ ምሥራቁ አዛዥ ጄኔራል ኸል መነጽሬን አልያዝኩም፣ ኋላ አነበዋለሁ ብለው ኪሳቸው ከተቱት ይባላል። ታሪኩ ትንሽ ያማረ ይመስላል፤ አውሮፕላኑ ግን በግንቦት 1955 ተነሥቷል።

ሴቶቹና ታኒሞቶ አሜሪካ በገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቴሌቪዥን ደረሰ። ታኒሞቶ በአንድ የታወቀ የቀጥታ ስርጭት ላይ ስለ ሌላ ነገር እንደሚጠየቁ መስሏቸው ሲቀርቡ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ወጥተው እጃቸውን የጨበጧቸው የ«ኢኖላ ጌይ» ረዳት አብራሪ ሮበርት ሉዊስ ነበሩ። ከልጆቹ ሁለቱ ደግሞ ፊታቸው እንዳይታይ ከመጋረጃ ጀርባ በጥላ ብቻ ታዩ። ይህን ትዕይንት ዛሬ የሚያይ ሰው ማፈሩ አይቀርም።

ልጆቹ በኒውዮርክ አካባቢ በኩዌከር ቤተሰቦች ቤት ተቀመጡ። እየተፈራረቁ ወደ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ይገባሉ፣ ይታከማሉ፣ ተመልሰው እንግዳ ተቀባዮቻቸው ዘንድ ያገግማሉ፤ በመካከሉ እንግሊዝኛ ይማራሉ፣ ጽሕፈት ይለማመዳሉ። ሐኪሞቹ በአርተር ባርስኪ መሪነት በነፃ ሠሩ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ 138 ቀዶ ጥገና ተደረገ። በግንቦት 1956 አንዷ በማደንዘዣ ላይ እያለች ልቧ ቆሞ ሞተች። የቀሩት ተመለሱ። ጋዜጦች አዲስ ፊት ይዘው እንደሚመጡ ጽፈው ስለነበር ብዙ ሰው አዘነ፤ ቀዶ ጥገናው በዋነኛነት የሠራው ግን የተጨማደደ እጅ መዘርጋት፣ የማይዘጋ የዓይን ቆብ መዝጋት፣ አንገትን ማላቀቅ ነው። ሹካ መያዝና ዓይን ጨፍኖ መተኛት ቀላል ነገር አይደለም። ባርስኪ ከዓመታት በኋላ ሳይጎን ውስጥ ለቬትናም ሕፃናት ተመሳሳይ ማዕከል አቋቁመዋል።

እነዚያ ሴቶች ጥቂት ዓመት ቆይተው ቢመጡ ኖሮ ሌላ ነገር ያገኙ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ትራያምሲኖሎን የሚባለውን ስቴሮይድ በቀጥታ ጠባሳው ውስጥ መውጋት ተጀመረ፤ ዛሬም በዓለም ዙሪያ በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ የሚሰጠው የመጀመሪያው ሕክምና እሱ ነው። ያማል፤ ቆዳን ሊያሳሳና ሊያነጣም ይችላል። ከዚያ በቴክሳስ ጋልቬስተን የሕፃናት ቃጠሎ ሐኪሞች ለደም ሥር የሚታሰር ጥብቅ ካልሲ ያረፈበት ጠባሳ ልስልስ ብሎ አዩና፣ ቀንና ሌሊት የሚለበስ ጠበቅ ያለ ልብስ መጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ የሲሊኮን ጄል ንጣፍ ተጨመረ። ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ሌዘር፣ የካንሰር መድኃኒቶቹ ፍሎሮዩራሲልና ብሊዮማይሲንም ተከተሉ። ናይትሮጅን ጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ምልክት ትቶ ስለሚሄድ ለእኛ ዓይነት ሰው ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ኬሎይድን ቆርጦ ወዲያው በጨረር መምታትን ዛሬ በስፋት ከሚሠሩት አገሮች ግንባር ቀደሟ ጃፓን ናት። ቶኪዮ የሚገኘው የኒፖን የሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪም ሬይ ኦጋዋ ቆዳ የሚወጠርበት ቦታ ላይ ኬሎይድ እንደሚብስ አሳይተው፣ የጨረሩን መጠን እንደ ቦታው ለይተዋል፤ ሁልጊዜ የሚወጠረው ደረት 18 ግሬይ በሦስት ቀን ሲያገኝ ለጆሮ ጫፍ 8 ግሬይ አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ቶኪዮ ያለ በሽተኛ ይህን ሕክምና ሲቀበል ሂሮሺማን የሚያስታውስ አይመስለኝም።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ሲባል ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ አሁን ማዕከላቱ ቢጨመሩም የካንሰር ታማሚ ወረፋ እያለ መሣሪያው ለጠባሳ ይዋል ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ወደ አለርትም ሆነ ወደ ሌላ የቆዳ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው በቅድሚያ የሚጠብቀው መርፌው ነው፤ ቆርጦ ማውጣት ከተመረጠም መርፌው ወይም ጫና የሚሰጥ የጆሮ ማቀፊያ አብሮት መሆን አለበት። መከላከሉ ይቀላል። በ2005 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ጆሯቸውን ከ11 ዓመት ዕድሜ በኋላ የተበሱ ሰዎች ቀድመው ከተበሱት ይልቅ ኬሎይድ የማውጣት ዕድላቸው እንደሚበዛ አግኝቷል። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ጆሮዋን የምትበሳው ገና በጨቅላነቷ ስለሆነ የመጀመሪያው ቀዳዳ ብዙ አያሰጋም። የሚያሰጋው አሁን ወንዱም ሴቱም በጉርምስና ዕድሜ ከላይ፣ ለስላሳው አጥንት ላይ የሚያስበሱት ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።